ቀኑን ያለ ዘመኑ አትጻፉ

ይህ ማሳሰቢያ በልደታ ክፍለ ከተማ ለምትኖሩ ወላጆች፣ በወረዳ የወሳኝ ኩነት መስኮት ለተቀመጣችሁ መዝጋቢዎች፣ ለትምህርት ቤት ጸሐፊዎች፣ የሰው ፎርም ስትሞሉ ለምትውሉ የኢንተርኔት ቤት ልጆች፣ እንዲሁም «በዛሬው ዕለት የተወለዱ ታዋቂ ሰዎች» እያላችሁ በሬዲዮና በመጽሔት ለምታቀርቡ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። የሰውን የልደት ቀን እያበላሸን ነው። ተንኮል የለበትም፤ ችኮላ ነው። ነገር ግን በችኮላ የተጻፈ ቀን ባለቤቱን ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ኤርፖርት መስኮት ላይ፣ ችሎት ፊት፣ በመጨረሻም ጡረታ ቢሮ ውስጥ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ቀኑን የጻፈው ማን እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ከታዋቂዎቹ እንነሳ። ልደት የሚጋሩ ዝነኞችን የሚደረድሩ ዝርዝሮችን የሚያገላብጥ ሰው ኦገስት 17 ላይ ሁለት ትልልቅ ኢትዮጵያውያንን ጎን ለጎን ያገኛል። አንዱ በ1844 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ሌላው በ1936 እ.ኤ.አ. የተወለደው ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ንጉሠ ነገሥቱና ሎሬቱ በአንድ ቀን! ለሬዲዮ ፕሮግራም መክፈቻ ከዚህ የሚጥም ወሬ የለም። በአገራችን ዘመን አቆጣጠር ሲታይ ግን ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ ጸጋዬ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም.። አንዱ በሚካኤል፣ ሌላው በሚካኤል ዋዜማ። በፈረንጅ አቆጣጠር የገጠሙት በአበሻው አልገጠሙም።

እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የለም። ሁለቱም ልወጣዎች ትክክል ናቸው። ምክንያቱ አውሮፓውያን በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪን በ28 መዝጋታቸው ነው። በእነርሱ ሕግ ለመቶ የሚካፈል ዓመት ለ400ም ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን አይሰጠውም። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጋችንን አናቋርጥም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ማስረጃውን ሁላችንም በየዓመቱ እናከብረዋለን፤ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘ ሲሆን የውጭ የታሪክ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። ድሉ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው የአውሮፓውያኑ ቁጥር ነው።

ይህን ሳያስተውሉ የሚለውጡ ብዙዎች ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ መወለዳቸው በግለ ታሪካቸው ሰፍሯል። የዓለም መዛግብት ይህን ቀን ጁላይ 23 ቀን 1892 ብለው ያዙት፤ ራስ ተፈሪያውያንም ከጃማይካ እስከ ሻሸመኔ በዚሁ ቀን ያከብሩታል። ሐምሌ 16 በእኛ ዘመን ጁላይ 23 ላይ መዋሉ እውነት ነው። በ1884 ዓ.ም. የዋለው ግን ጁላይ 22 ነበር። በዓሉን አክብሩ፤ ማንም አይከለክላችሁም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ልደቱ በአዋጅ በዓል ሆኖ ይከበር የነበረ ንጉሠ ነገሥት ቀን በልወጣ ከተንሸራተተ፣ ሰልፍ በረዘመበት ቀን በወረዳ መስኮት የሚሞላ የአንድ ሕፃን ቀን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያሻው አስቡ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን በተወለደበት ዘመን አቆጣጠር ልደቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731 ነበር። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ በ1752 አቆጣጠራቸውን ሲለውጡ ልደቱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ሆነ። እነርሱ ግን አንድ መልካም ልማድ ነበራቸው። በሽግግሩ ዘመን ቀን ሲጽፉ «በአሮጌው አቆጣጠር» ወይም «በአዲሱ አቆጣጠር» ብለው ምልክት ያደርጉ ነበር። እኛ ዕለት በዕለት በሁለት አቆጣጠር እየኖርን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ጥቂት ፊደል ለመጻፍ እንሰንፋለን።

የአንድ ቀን መንሸራተት ንጉሥን አይጎዳም። የእናንተን ልጅ የሚጎዳው የዓመታት መንሸራተት ነው።

አንድ ፎርም ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ። ልጁ ታኅሣሥ 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። አባት በክትባት ካርዱ ላይ ያለውን አይቶ ለኢንተርኔት ቤቱ ልጅ «10/4/2000» ይለዋል። ልጁ እንደሰማው ይመታዋል። ፎርሙ የውጭ ነው። ስለዚህ ያ ቀን ኤፕሪል 10 ቀን 2000 ሆኖ ይነበባል፤ ወርን ከቀን የሚያስቀድም አሜሪካዊ ካነበበው ደግሞ ኦክቶበር 4 ይሆናል። ልጁ በእርግጥ የተወለደው ዲሴምበር 20 ቀን 2007 ነበር። በመጀመሪያው ንባብ ብቻ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተጨመረበት። አሥራ ሰባት ዓመት በሞላው ዕለት ወረቀቱ ሃያ አራት ዓመት ከስምንት ወር ይለዋል። ይህ ልጅ በዕድሜ የተወሰነ የትምህርት ዕድል ቢያመለክት አይቀበሉትም፤ ወላጆቹ ወደ ውጭ ሄደው እንደ ልጃቸው ሊወስዱት ቢፈልጉ ዕድሜው አልፏል ይባላል። ዲቪ ሞልቶ ቢወጣለት ቃለ መጠይቁ ላይ የልደት ወረቀቱና ፎርሙ ይጣላሉ። «ደላላው ነው የሞላው» የሚል መልስ እዚያ መስኮት ላይ አይሠራም።

ከዚህ አነስ ያለ ግን የባሰ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ስምንት ጨምር» የሚለውን ብቻ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ድረስ ግን የሚጨመረው ሰባት ነው። የፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚገባው ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 22። በመስከረም፣ በጥቅምት፣ በኅዳር የተወለደ ልጅ ሁሉ በዚህ «ስምንት» ምክንያት በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያንሳል። አንደኛ ክፍል ሊመዘገብ ሲሄድ «አልደረሰም» ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዱ ልጅ የደረሰ ነው። ያልደረሰው ሒሳቡ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጃንዋሪ 1 ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎች፣ ሱዳናውያንና አፍጋናውያን መካከል በመታወቂያቸው ጃንዋሪ 1 የሰፈረላቸው እጅግ ብዙ ናቸው። በስደተኛ ምዝገባ ወይም በፓስፖርት ማመልከቻ ላይ ቀኑና ወሩ ሲጠፋ ጸሐፊው የዓመቱን መጀመሪያ ያስቀምጣል። እዚህ አገር ቤትም «ቀኑን አላውቀውም» ያለ ሰው መስከረም 1 ወይም ጃንዋሪ 1 ተሰጥቶት ይወጣል። ማሳቂያ አድርገነዋል፤ በአዲሱ የፈረንጆች ዓመት «የሁላችንም ልደት» እየተባለ ኬክ ይቆረሳል። ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን ከሳቁ በታች ያለውን ተመልከቱ።

ልደት መጋራት በራሱ ምንም አያስደንቅም። የሒሳብ ሰዎች እንደሚያሳዩት በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዎች ካሉ ሁለቱ ልደት የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ከምኒልክ ጋር፣ ሌላዋ ከደራርቱ ቱሉ ጋር ብትጋራ ተአምር አይደለም። ሺዎች በአንድ የፈጠራ ቀን ላይ ሲከማቹ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን፤ እነዚህም ይደጋገማሉ። ስም ሲደጋገም ባንኩም፣ ኢሚግሬሽኑም፣ ፖሊሱም ሰውን ከሰው የሚለየው በልደት ቀን ነው። ስምም ቀንም ሲገጥም የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይወድቃል፤ የአንዱ የጉዞ እገዳ ሌላውን ከአውሮፕላን ያስቀራል፤ የወንጀል ማስረጃ ጥያቄ ሲቀርብ የማያውቀው ሰው መዝገብ ይመጣበታል። ንጹሕ መሆኑን እስኪያስረዳ ወራት ይሄዳሉ።

እናቶቻችን ቀኑን አያውቁም ማለትም ትክክል አይደለም። ልጁ በየትኛው ቅዱስ ዕለት እንደተወለደ ያልያዘች እናት ጥቂት ናት። በ1 ከሆነ በልደታ፣ በ12 በሚካኤል፣ በ16 በኪዳነ ምሕረት፣ በ21 በማርያም፣ በ23 በጊዮርጊስ፣ በ29 በባለወልድ ትላችኋለች። ወሩን በጾሙ ወይም በዝናቡ፣ ዓመቱን በአገሩ ነገር ትነግራችኋለች፤ «አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ»፣ «የሚሌኒየሙ ጊዜ» እያለች። የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ጎረቤት ውጭ ተሰብስቦ ንፍሮ ሲቀማመስ ወለድኩ ያለች የልደታ እናት ቀኑን ከነወሩ ነግራችኋለች፤ ግንቦት 1፣ ሜይ 9። ያን የሰማ መዝጋቢ ጃንዋሪ 1 የሚጽፍበት ምን ምክንያት አለው? በጥሞና ቢጠየቅ የሚገኝ ቀን ሳይጠየቅ ይጠፋል። አርባ ወይም ሰማንያ ቀን ቆጥሮ የተጻፈ የክርስትና ካርድ ካለም ወደ ኋላ ቢቆጠር ዕለቱን ያወጣል።

ልደታ ሲባል ፍርድ ቤት የማይታየው የአዲስ አበባ ሰው የለም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት እዚሁ ነው። እስቲ የልደት ቀን እዚያ ምን እንደሚመዝን አስቡ። በወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ለወጣት አጥፊዎች በተለየው ሥርዓት ይታያል። አሥራ አምስት ያለፈው እንደ አዋቂ ይከሰሳል፤ አሥራ ስምንት እስኪሞላው ግን ሕጉ ቅጣቱን የሚያቀልበት መንገድ አለው። እዚህ ላይ የወራት ልዩነት ሕይወት ነው። ወረቀት ከሌለ ወይም ወረቀቱ ካልታመነ ሐኪም በኤክስሬይ እንዲገምት ይታዘዛል፤ ግምቱ ደግሞ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ሊያዛንፍ ይችላል። በሰነፍ እጅ የተጻፈ ቁጥር ወይም ያልተጻፈ ቁጥር አንድን ልጅ ከአዋቂዎች ጋር ሊያሳስረው ይችላል።

ሴት ልጆቻችን ላይ ደግሞ ከስሕተት ያለፈ አለ። ለጋብቻ አሥራ ስምንት ዓመት ግዴታ ነው። ለውጭ አገር የቤት ሠራተኝነትም እንዲሁ። ደላላው ይህን ያውቃል። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመቷን ልጅ ሃያ አራት ያደርጋታል፤ ቤተሰቧም «ወረቀት ነው፤ ምን አለበት» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ አለበት። ልጅቱ በሰው አገር ስትጎዳ ሕፃን መሆኗን የሚያሳይ አንድም ሰነድ የላትም፤ ለሕፃን የሚደረገው ጥበቃ ሁሉ በገዛ ፓስፖርቷ ተነፍጓታል። ዓመታት ቆይታ ስትመለስ ደግሞ የትምህርት ማስረጃዋ አንድ ዕድሜ፣ ፓስፖርቷ ሌላ ዕድሜ ይላሉ።

ስፖርቱን በአጭሩ ላንሳ። በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ኦሊምፒክ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ተከትሎታል። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ታለፈ። ዛሬ ቀልድ የለም። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ወረቀቱ የተሳሳተበት ሐቀኛ ልጅና ዕድሜውን የሰረቀ ልጅ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ልጆቻችሁን በየሜዳው ለፕሮጀክት የምታሰለጥኑ አሠልጣኞች ይህን ከአሁኑ ለወላጆች ንገሩ።

ለባለሥልጣናት የምለው አለኝ። በጎ ፈቃዳችሁን አልጠራጠርም፤ ሥራው ብዙ፣ ሰልፉ ረጅም እንደሆነም አያለሁ። ሕጉ ጥሩ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ደረጃ ሲጀመር፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ተደንግጓል። ፋይዳ ካርድም ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ማሳየቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሁለት ቀን መጻፍ ሁለቱ መግጠማቸውን አያረጋግጥም። ባለጉዳዩ በቃል የነገራችሁን የኢትዮጵያ ቀን መዝግቡ፤ ልወጣውን ኮምፒዩተሩ ይሥራ፤ ከዚያ ለባለጉዳዩ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ቀኑ በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነ የማይታወቅ መሆኑ መዝገቡ ላይ ይታይ። በግምት የገባ ቀን ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ እንዲቀመጥ አትፍቀዱ።

ጳጉሜንም አትርሱ። ወር ለመምረጥ አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ያለው ፎርም ጳጉሜን 3 ለተወለደ ልጅ መግቢያ የለውም፤ ወላጅ ተቸግሮ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ይላል። መስከረም 1 ያለ እንደሆነ ልጁ ዓመትም ተቀየረበት። ሶፍትዌር የምትሠሩ ወጣቶች፣ አሥራ ሦስተኛውን ወር በሁሉም ፎርም ላይ አስገቡ። ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ በ2100 እ.ኤ.አ. አውሮፓውያኑ እንደ 1900 ሁሉ ፌብሩዋሪን በ28 ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲህ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 13። ዛሬ ጥቁር አንበሳ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ ያን ያያሉ። «ሴፕቴምበር 11» የሚለውን ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ እንደማይለወጥ ሕግ አድርጎ የጻፈ ሰው የእነርሱን መዝገብ አበላሽቶ ይሄዳል።

እናንተ የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ የታዋቂ ሰው ልደት ስታነቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ከ1892 ዓ.ም. በፊት ለተወለደ ሰው የዛሬውን የቀን መቁጠሪያ ገልጣችሁ አትለውጡ። አንድ ቀን መሳሳት ምን ይጎዳል እንዳትሉኝ። አድማጩ ከእናንተ የሚማረው ቀኑን ብቻ አይደለም፤ ቀን እንዴት እንደሚያዝም ነው። «ምኒልክ ኦገስት 17» ብሎ ያለ ዘመን የሚያነብ ጋዜጠኛ ባለበት አገር፣ «10/4/2000» ብሎ ያለ ዘመን የሚጽፍ አባት ቢኖር አይፈረድበትም።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ወረቀቶች አውጡና ጎን ለጎን ዘርጓቸው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ፋይዳ፣ ፓስፖርት ካለ እርሱም። ፓስፖርት የሚይዘው የፈረንጁን ቀን ብቻ መሆኑን አስታውሱ። ቀን የሚለውጥላችሁን የስልክ መተግበሪያ ከማመናችሁ በፊት ፈትኑት፤ የየትኛውንም የቅርብ ዓመት ግንቦት 1 አስገቡና ሜይ 9 ካላላችሁ አጥፉት። ያልገጠመ ቀን ካገኛችሁ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለብሔራዊ ፈተና እስኪመዘገብ አትጠብቁ፤ ያን ጊዜ በተሳሳተው ቀን ላይ ሌላ ሰነድ ይደረብበታል፤ እርማቱም ከወረዳ አልፎ ወደ ፍርድ ቤት ሊመራችሁ ይችላል። ጡረታ የሚወጣ ሰው ስልሳ ዓመቱ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ቀን እንደሆነም ለጎረምሳው ንገሩት፤ አሁን ባይሰማችሁም ንገሩት። ሕፃኑ ገና ዘጠና ቀን ካልሞላው ደግሞ ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ ነገ ጠዋት ወረዳ ሂዱ። ከመስኮቱ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለቱንም ቀኖች እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርምም።